በቃል የሚቀር የሕክምና ውል ይብቃ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከሐዋሳ

ይድረስ፦
ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ
ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ
ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት

ጉዳዩ፦ የጤና መድን አባላት ከሐኪም ጋር በግል የሚዋዋሉት ሕክምና በጽሑፍ እንዲሆን ስለመጠየቅ

«አባ፣ እዚህ ቀጠሮው ይርቅብዎታል፤ ማታ ክሊኒክ ብቅ ይበሉ።» በከተማችን የታከመ ወይም ያስታመመ ሰው ይህን ወይም ይህን የሚመስል ነገር ሳይሰማ አልቀረም። ይቺ አጭር ንግግር ሙሉ የሕክምና ውል ናት። አቅራቢ አላት፣ ተቀባይ አላት፣ ዋጋም አላት። ወረቀት ግን የላትም። ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር፣ ነገሩ ቢበላሽ ማን እንደሚያክም፣ ኪስ ውስጥ ያለው የጤና መድን ካርድ ከዚያ ወዲያ ይሥራ አይሥራ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ይህን የምንጽፈው በሐዋሳ በመንግሥትም በግልም ጤና ተቋማት የምንሠራ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላብራቶሪና የሒሳብ ባለሙያዎች ነን። የግል ሕክምና ይከልከል አንልም፤ ቢከለከል ምን እንደሚሆን ወደኋላ እንመጣበታለን። የምንጠይቀው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው መድኑን ትቶ ከሐኪም ጋር በግል ሲስማማ ስምምነቱ ከሕክምናው በፊት፣ በጽሑፍ፣ ሕመሙ ድንገተኛ ባልሆነበት ሰዓት እንዲፈረም ነው።

መድኑ በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎችና ከተሞች ለሙከራ ሲጀመር ይርጋለም አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ ሲዳማ ለነገሩ እንግዳ አይደለም። አሠራሩን አባላቱ ያውቁታል። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፣ አቅም ለሌላቸው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሕመምተኛው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታያል፣ ካስፈለገ ሪፈር ተጽፎለት ሆስፒታል ይገባል። ሪፈር ሳይዝ ዘሎ የሄደ የወጪውን ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል የሚያደርግ ደንብ ከሙከራው ጊዜ ጀምሮ አለ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚሠራ ቀዶ ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። የደመወዝተኛው መድን የተለየ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ወዲህ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ አሠሪውም 3 በመቶ ያዋጣሉ ሲባል፣ ደግሞ ሲራዘም ብዙ ዓመት አልፏል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መድኑ የሚከፍለው ለጤና ተቋሙ ነው። ሐኪሙ ደመወዝተኛ ስለሆነ አንድ የመድን ታካሚ ጨምሮ ቢያይ ለእሱ የሚጨመርለት ነገር የለም። ማታ ክሊኒክ የሚያየው ሰው ግን ይከፍለዋል። ያው አንድ ሐኪም ቀን በመድኑ በኩል፣ ማታ ከመድኑ ውጭ ይቆማል፤ ቀጠሮውን የሚያረዝመውም የሚያሳጥረውም እሱው ሊሆን ይችላል። ይህን ስንል ሐኪሞች ሁሉ ታካሚ ይነጥቃሉ ማለታችን አይደለም። ሆን ብሎ ቀጠሮ የሚያረዝመው ጥቂት ነው ብለን እናምናለን። አብዛኛው የሚፈጠረው ከዚህ በጣም አሰልቺ በሆነ መንገድ ነው፣ በሒሳብ ክፍል በኩል።

ሆስፒታሉ ለመድን አባላት የሰጠውን አገልግሎት በየጊዜው አጠቃልሎ ለየወረዳውና ለየከተማው መድን ጽሕፈት ቤት የክፍያ ጥያቄ ይልካል። ጽሕፈት ቤቱ ወረቀቱን አንድ በአንድ ያያል። ካርዱ ካልታደሰ ይቆረጣል። ልጁ በቤተሰቡ ዝርዝር ካልተመዘገበ ይቆረጣል። የሪፈር ወረቀቱ ከጠፋ፣ በሽታው በሕክምና ካርዱ ላይ ካልተጻፈ፣ የመድኃኒት ማዘዣው ፊርማ ከሌለው፣ ዋጋው ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር ካልገጠመ እንደዚሁ። ያልተቆረጠውም ቢሆን በወቅቱ ላይከፈል ይችላል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ታካሚው ከወንዶ ገነት፣ ከሸበዲኖ፣ ከዳሌ፣ ከበንሳ፣ ከክልሉ ውጭም ስለሚመጣ አንዱ ሆስፒታል ገንዘቡን የሚለቅመው ከብዙ ጽሕፈት ቤቶች ነው። ገንዘቡ ሲዘገይ ሆስፒታሉ ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚገዛውን ያሳንሳል። መጀመሪያ የሚያልቀው የላብራቶሪ ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) ነው፤ ቀጥሎ የቀዶ ሕክምና ክር፣ ጓንት፣ የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ) መድኃኒት። ከዚያ ሐኪሙ «ውጭ አሠራው» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ዕቃው በእርግጥ የለም። ውጭ መርምሮ ውጤት ያመጣ ታካሚ ነገ ቀዶ ሕክምናውንም ውጭ ይጨርሰዋል። መዋጮ ከፍሎ ከኪሱም የከፈለ ቤተሰብ በሚቀጥለው ዓመት ካርዱን አያድስም፤ የሚያድሰው በአብዛኛው ቤቱ የከበደ ታማሚ ያለው ነው። መዋጮው ይሳሳል፣ ወጪው ያብጣል፣ ክፍያው የባሰ ይዘገያል። በዚህ አዙሪት መሃል ላይ ነው በቃል የሚደረገው ውል የሚበቅለው።

ጉዳቱን በአንድ በሽታ እንየው። የጭን አጥንቱ መሃል ላይ የተሰበረ ጎልማሳ እንውሰድ። ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መድኑ ይሠራል። እግሩ ላይ ክብደት ይንጠለጠላል፣ ኤክስሬይ ይነሳል፣ ደም ይለካለታል። ቆዳው ሳይቀደድ የተሰበረ ጭን ውስጥ ለውስጥ አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ሊያፈስ ስለሚችል ልኬቱ በማግሥቱም ይደገማል። ቀጣዩ ሥራ አጥንቱ ውስጥ ሚስማር ማስገባት ወይም በፕሌትና በስክሩ ማሰር ነው። ሚስማሩ ግዢ ክፍል ውስጥ የለም። ለአስታማሚው «በግል ይሠራለት» ይባላል፣ አንድ ጠቅላላ ዋጋ ይነገረዋል፣ በሬ ይሸጣል፣ ዘመድ ያዋጣል። ያ ዋጋ ሚስማሩን ብቻ ነው ወይስ ቀዶ ሕክምናውንም? የአንስቴዥያ ባለሙያው ክፍያ ውስጡ አለ? የአልጋ ስንት ሌሊት? ደም ቢያስፈልግ ማን ያመጣል? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚነሳው ኤክስሬይ፣ ስፌት ማውጣት፣ በስድስተኛው ሳምንት አጥንቱ መያያዙን ለማየት የሚነሳው ፎቶስ? ቁስሉ መግል ቢይዝ ታጥቦ እንደገና ለመሠራት ማን ይከፍላል? ሚስማሩን ለማውጣት ዓመት ቆይቶ ሲመጣስ? እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ናቸው፣ አንዳቸውም አልተጻፉም። ታካሚው ጠቅላላ ዋጋ የሰማ መስሎት የሰማው የመጀመሪያውን ክፍያ ነው።

አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ክፍት ስብራት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በደም ሥር ይፈልጋል፣ ቶሎ መታጠብም አለበት። ስለ ዋጋ ድርድር ሲያዝ፣ አጎት ከአለታ ወንዶ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ ባንክ እስኪከፈት ሲባል ሰዓቱ ያልቃል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ድንገተኛ ሕክምና ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠየቅ መሰጠት አለበት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ያልተጻፈው ታካሚው ገና ከድንገተኛ ክፍል ሳይወጣ ስለ ግል ሕክምና መደራደር ክልክል መሆኑ ነው።

የዓይን ሞራም ሌላው ምሳሌ ነው። አይቸኩልም፣ ለግል ውል የሚመች ነው፤ ቢሆንም ውሉ ሌንሱ የታካሚውን ዓይን በመለካት የተመረጠ መሆኑን፣ የጠብታ መድኃኒቱን (ለሳምንታት ይቀጥላል)፣ በማግሥቱ፣ በሳምንቱና በወሩ የሚደረገውን ክትትል መጥቀስ አለበት። ዘመቻ ሲመጣ ያለ ክፍያ ሊሠራለት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል፤ ይህን ለመናገር ብዙ አፍ አይከፈትም።

ከሁሉ የሚከፋው የሌሊቱ ነገር ነው። በግል የተሠራለት ሰው ሌሊት ትኩሳት ሲነሳበት ወይም ሲደማ ክሊኒኩ ይዘጋል። ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይመጣል። ተረኛው ሐኪም ሆዱ ውስጥ ምን እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተሰፋ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠው የሚያሳይ ወረቀት አያገኝም፤ ያለው አስታማሚው በቃል የያዘው ነው። የሒሳብ ክፍሉም ግራ ይገባዋል። ሪፈሩ ከጤና ጣቢያ ነው ወይስ ከግል ክሊኒክ? መድኑ ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? አንዱ ይሸፍናል ይላል፣ ሌላው አይሸፍንም ብሎ ገንዘብ ያስይዛል። ደረሰኝ ይጠየቃል፤ በብጣሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ ድምር ይወጣል። በካሽ ሬጅስተር ያልወጣ፣ ዝርዝር የሌለው ደረሰኝ ይዞ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅ አባል ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ጽሕፈት ቤቱም አይፈረድበትም።

ሐኪም ከመድን ውጭ በግል መዋዋሉ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የቆመው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት መድን አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ ሐኪሞች ከሜዲኬር ወጥተው ከአባላቱ ጋር በግል እንዲዋዋሉ ፈቀደ፤ ከጥር 1998 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሚጠቅመን በምን ሁኔታ እንደፈቀደ ማየቱ ነው። ሐኪሙ ወጥቻለሁ የሚል በፊርማ የጸና ቃል ለመድኑ ያስገባል። መውጣቱ ለሁለት ዓመት ነው፣ ለሁሉም የሜዲኬር ታካሚዎቹ ነው፤ አንዱን በመድን ሌላውን በግል ማለት የለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሐኪሙ ቀደም ብሎ ካላሳወቀ በራሱ ይታደሳል። ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር ውሉ በጽሑፍ፣ በሚነበብ ትልቅ ፊደል፣ ከሕክምናው በፊት ይፈረማል፣ ቅጂው ለታካሚው ይሰጣል። ውሉ መድኑ ምንም እንደማይከፍል፣ የመድኑ የዋጋ ጣሪያ እንደማይሠራ፣ ታካሚው ያልወጣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ በመድኑ መታከም እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ድንገተኛ ወይም አስቸኳይ ሕክምና በሚያስፈልገው ሰዓት የተፈረመ ውል ዋጋ የለውም። የወጣው ሐኪም እንኳ ውል ያልፈረመ ድንገተኛ ታካሚ ቢገጥመው አክሞት መድኑን መጠየቅ ይችላል። ከሐኪሞቹ የወጡት ትንሽ ድርሻ ናቸው፤ ከፍተኛው ድርሻ የአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ ነው፣ ይህም እዚያ አገር የራሱን ወቀሳ አስከትሏል።

ይህን ሁሉ ገልብጠን እናምጣ አንልም። «ወይ ሙሉ በሙሉ ውጣ ወይ ሙሉ በሙሉ ቆይ» የሚለው ክፍል እኛ ዘንድ አይሠራም። እዚያ ሐኪሙ የሚወጣው ከመድኑ ክፍያ ነው፤ እዚህ ከወጣ የሚወጣው ከሆስፒታሉ ነው። ስፔሻሊስት በጣት በሚቆጠርበት ከተማ ውስጥ የአጥንት ወይም የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ምረጥ ቢባል የሚመርጠውን እናውቃለን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያው በአደባባይ ያነሳው የደመወዝ ጥያቄ ለምን እንደተነሳ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐኪም በትርፍ ሰዓቱ ሠርቶ ቢያገኝ ነውር የለበትም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ሆስፒታሎች ራሳቸው የግል ክፍል እንዲከፍቱ መንገድ የጠረገው ለዚሁ ነው። ከመደበኛ ሰዓት ውጭ፣ በታወቀ ዋጋ፣ በሆስፒታሉ ደረሰኝ የሚሠራ የግል ክፍል ከማታ ክሊኒክ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ሌሊት ችግር ቢመጣ ቢያንስ የሕክምና ካርዱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን ግን የመድን አባሉ የመድን ካርዱ እንደማይሠራ አውቆ መፈረም አለበት።

ከአሜሪካው የምንወስደው ሌላውን ነው፤ ጽሑፉን፣ ቀድሞ መፈረሙን፣ ድንገተኛ ሰዓትን ማግለሉን፣ በመድኑ የሚታከሙበት ሌላ በር እንዳለ መናገሩን። በዚህ ላይ የእኛው ሁኔታ የሚጠይቀው ይጨመርበት።

ድንገተኛ የቱ ነው የሚለውን ለክርክር አንተወው። በትሪያጅ (ታካሚው ሲገባ የሕመሙ አጣዳፊነት በቀለም በሚለይበት ምዘና) ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ የተሰጠው ታካሚ ከድንገተኛ ክፍል እስኪወጣ ድረስ የግል ውል ሊቀርብለት አይገባም ይባል፤ በትሪያጅ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓትና በውሉ ላይ ያለው ሰዓት ሲነጻጸሩ ጥፋቱ ራሱን ያጋልጣል። ለዚህም ነው በውሉ ላይ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይጻፍ የምንለው።

ውሉ አንድ ገጽ ይሁን፣ በሲዳምኛና በአማርኛ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከሐኪሙ ወገን ያልሆነ ምስክር ያንብብለት፣ በአሻራ ይፈርም። ከላይ የበሽታው ስምና የሚሠራው ሥራ ይጻፍ። ቀጥሎ ዋጋው ተዘርዝሮ፦ ሐኪም፣ አንስቴዥያ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አልጋ በሌሊት፣ ዕቃ (ሚስማሩ፣ ፕሌቱ፣ ሌንሱ በዓይነቱና በቁጥሩ)፣ መድኃኒት፣ ምርመራ፣ የክትትል ቀጠሮ ብዛት። ከዚያ «በዚህ ዋጋ ውስጥ የሌለ» የሚል ባዶ መስመር፤ ይህ መስመር ባዶውን እንዳይቀር ሐኪሙ ወይ ይሙላው ወይ «የለም» ብሎ ይፈርምበት። በእኛ ግምት ከፎርሙ ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፤ ጠብ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ መስመር ነው። በመቀጠል በ30 ቀን ውስጥ ችግር ቢፈጠር ማን በማን ወጪ እንደሚያክም። በመጨረሻ ታካሚው ይህን አንድ ሥራ ብቻ በግል ማሠራቱ፣ የመድን ካርዱ ለሌላው ሕክምና ሁሉ እንዳለ መሆኑ፣ ሐሳቡን ቀይሮ በመንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮው ቢጠብቅ ቦታው እንደማይነጠቅ። ብዙ ታካሚ በግል ከታከመ መድኑ የተሰረዘበት እየመሰለው ዓመቱን ሙሉ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ይቀራል።

ቅጂው ሦስት ይሁን፦ ለታካሚው፣ ለክሊኒኩ፣ ለሪፈር ላኪው ሆስፒታል የመድን ጠረጴዛ። ታካሚው ሲወጣ ምን እንደተሠራለት የሚገልጽ የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ በፊርማና በማኅተም፣ ኤክስሬዩንና የላብራቶሪ ውጤቱን ዋናውን፣ ዝርዝር ያለው የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ይዞ ይውጣ። ይህ ለተረኛው ሐኪም የሌሊት ብርሃን ነው።

ሐኪሙም ወደ ጤና መምሪያው አንድ ወረቀት ያስገባ፤ በየትኛው ክሊኒክ፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ። ከመንግሥት የሥራ ሰዓቱና ከተረኝነት ሰሌዳው ጋር ሲተያይ የሚጋጨው ይታያል። ራሱ በሆስፒታል ያየውን የመድን ታካሚ ወደ ራሱ ክሊኒክ የሚወስድ ከሆነ ከሱ ሌላ አንድ ሐኪም ወይም የሆስፒታሉ የመድን ጠረጴዛ ሠራተኛ ታካሚውን አነጋግሮ ይፈርም። ይህን ስናቀርብ ባልደረቦቻችን እንደሚያጉረመርሙ እናውቃለን። ጨዋ ሐኪም የሚጎዳበት ነገር አላየንበትም፤ እንዲያውም ከሐሜት ያድነዋል። የሐኪሞች ሥነ ምግባር የተደነገገበት ደንብ ቁጥር 299/2006 ታካሚ አውቆና ተረድቶ እንዲስማማ ይጠይቃል፤ የገንዘቡ ጉዳይ ከዚህ የሚገለልበት ምክንያት የለም።

የእናንተም ድርሻ አለ፤ ሸክሙን ሁሉ ሐኪሙ ላይ ጭኖ መሄድ አይሆንም። የመድን ጽሕፈት ቤቶች የክፍያ ጥያቄ የሚያዩበት ቀን ገደብ ይኑረው፣ የቆረጡትን በምክንያቱ ዘርዝረው ለሆስፒታሉ ይመልሱ፤ ዛሬ ድምሩ ብቻ ተቀንሶ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ ያው ስሕተት በሚቀጥለው ወር ይደገማል። በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ሰሌዳ ይሰቀል፤ የጠፋው መድኃኒት፣ የጠፋው ሬጀንት፣ የተበላሸው ማሽን፣ ከመቼ ጀምሮ። ዛሬ ኬሚስትሪ ማሽኑ መሥራት አለመሥራቱን ታካሚው የሚሰማው ወደ ውጭ ከሚልከው ሰው ብቻ ነው። የቀጠሮ መዝገብም በክፍል ደረጃ ይታይ፤ ለሄርኒያ (ለቡአ) ስንት ሰው ተራ እንደያዘ ቢታወቅ «ይርቃል» የሚለው ቃል በቁጥር ይመዘን ነበር። ውል የገባችሁላቸው የማህበረሰብና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ባሉበት ታካሚው መጀመሪያ ወደዚያ ይመራ፣ የግል ፋርማሲ ስም በማዘዣ ጀርባ መጻፍም ይቁም።

ቅጣቱን በተመለከተ ብዙ አንልም። ያለ ጽሑፍ የተቀበለ ሐኪም ገንዘቡን ይመልስ፣ ሲደግም ፈቃዱ ይታይ። ከዚያ በላይ ያለው የሕግ ሰዎች ሥራ ነው።

በከተማው ሁሉ በአንዴ መጀመር አይቻልም። ለስድስት ወር በሁለት ሥራዎች፣ በአጥንትና በዓይን ሞራ፣ ይሞከር። ሁለቱም በዝርዝር ሊጻፉ የሚችሉ፣ ዕቃቸው የሚቆጠር፣ ውጤታቸው የሚታይ ናቸው። የካንሰርና የኩላሊት ሕክምና ወጪው በየወሩ ስለሚቀያየር ከመጀመሪያው ባንገባበት ይሻላል።

የአንድ ገጹን ውል ረቂቅ በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጅተን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሦስታችሁም መዝገብ ቤት አስገብተናል። ረቂቁን የምታሻሽሉበት ስብሰባ ከጠራችሁ የካርድ ክፍልና የሒሳብ ሠራተኞችም ይጠሩ፤ ወረቀቱን በየቀኑ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በሐዋሳ ከተማ በመንግሥትና በግል ጤና ተቋማት የሚሠሩ የሕክምና፣ የፋርማሲ፣ የላብራቶሪና የሒሳብ ባለሙያዎች